የጋሽ ሙጫ ይብራ

ሱቃችን ጎን ለጎን ነው። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ እሳቸው ጫማ ይሠራሉ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ መዶሻቸው ባረፈ ቁጥር የእኔ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ልጆቹ ስም ካወጡላቸው ወዲህ ክርስትና የተነሡበትን ስም ሲጠራ የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። ለሁላችንም ጋሽ ሙጫ ናቸው። ስሙን መጀመሪያ የሰሙ ዕለት ኮስተር ብለው ቆዩና፣ «ከዚህ የባሰ ስንት ስም አለ» ብለው ተቀበሉት።

ልጆች ማስተማር የጀመሩት አስበውበት አይደለም። በቁምስናችን፣ በሰፈሩ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ትንንሾቹን ትምህርተ ክርስቶስ ታስተምር የነበረችው መነኩሲት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። የቁምስናው ካህን፣ ቆሞሱም፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እንዲቀመጡ ጋሽ ሙጫን ለመኗቸው። ሌላ ሰው አልተገኘም። እንደ እኔ ግምት የፈለገም የለም። ጋሽ ሙጫ በዚያ ሰሞን ባለቤታቸውን ቀብረው ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ቤት ከሚገቡ የልጆች ጫጫታ ቢያደነቁራቸው ሳይመርጡ አልቀሩም።

ንግግር አይሆንላቸውም። አንድ ነገር ለማስረዳት ሲፈልጉ እጃቸው ከአፋቸው ይቀድማል። ስለዚህ በሚያውቁት መንገድ ገቡበት። ጫማ ሲሠሩ መጀመሪያ ካርቶን ቆርጠው፣ በካርቶኑ ዙሪያ ቆዳው ላይ መስመር አስምረው ነው የሚቀዱት። ለልጆቹም እንደዚያው አደረጉ። በግ ቆረጡ፤ ርግብ፣ ዓሣ፣ መልሕቅ፣ የስንዴ ዛላ፣ የወይን ዘለላ፣ የጴጥሮስን ቁልፍ ቆረጡ። ካርቶኖቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለው ይውላሉ። ልጆቹ አንዱን አውርደው በእርሳስ ይዞሩትና ከቁርጥራጭ ቆዳ፣ ከጫማ ገበር፣ ከእኔ ሱቅ ወለል ከሚጠረገው ጨርቅ ይቆርጣሉ። ሙጫው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በትንሽ ምድጃ የሚበስል ነው፤ የጫማውን ሙጫ ሽታው ለሕፃን አይሆንም ብለው በአዳራሹ ደጃፍ እንኳ አያሳልፉትም። መስኮቱ ሰፊ፣ ጠረጴዛው ረጅም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ ስትገባ በሙጫ የተለወሱት ጣቶች ሁሉ ያብለጨልጫሉ።

«ጋሼ፣ የእኔ በግ አምስት እግር ሆነብኝ።»

«አንዱን ጅራት በለው።»

«ጅራትም አለው እኮ።»

«እንግዲያስ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደርሳል። ሂድ፣ ጥጡን ለጥፍለት።»

እጆች ሁሉ ሥራ ሲይዙ፣ ጫጫታው ሲረግብ፣ ያን ጊዜ ነው ጥቂት ቃል የሚጥሉት። በጉ ለምን ዝም አለ? መልሕቅ ምን ያደርጋል? መርከቧ ማዕበል ውስጥ ስትሆን የሚይዛትን ነገር እናንተ ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁን? ልጆቹ ቀና ሳይሉ ይመልሳሉ። እኔ ብዙ ጊዜ መቀስ ለማዋስ ብዬ ገብቼ እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ቀርቻለሁ። በትምህርት ቤት ብዙም አልገፋሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት በንባብና ጥግ ላይ ተቀምጦ በመስማት ነው።

ከካርቶኖቹ ሁሉ አንዱ ታሪክ አለው። ጋሽ ሙጫ ሽፋኑ በተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ይብራ ስለሚባል ወፍ አነበቡ። ረሃብ ሲመጣ እናቲቱ ደረቷን በምንቃሯ ወግታ ጫጩቶቿን በደሟ ትመግባለች፤ ስለዚህም ሥጋውንና ደሙን ለሰጠን ጌታ፣ ለቅዱስ ቁርባን፣ ምልክት ሆናለች ይላል። ሥዕሉ የነበረበት ገጽ ግን ተቀዶ ወድቋል።

«ይብራ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ በሬ ላይ ቆመው።

«ወፍ መሆኑንም አሁን መስማቴ ነው።»

«ትልቅ ነው ይላል። እናት ናት ይላል። ሌላ የሚለው የለም።»

ያን ጊዜ አንዲት ዶሮ ነበረችኝ። ጫጩቶቿን እየመራች ከጋሽ ሙጫ ደረጃ ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። እሳቸውም ዶሮዋን ሲያዩ፣ መጽሐፉን ሲያዩ፣ ዶሮዋን ሲያዩ ቆዩና ካርቶን አነሡ። ክንፏን ትንሽ አስረዘሙላት፤ ምንቃሯን አሾሉት፤ ደረቷ ላይ ለደም ጠብታ የሚሆን ቀዳዳ አበጁ።

«ጋሼ፣ ይቺ የእኔ ዶሮ ናት» አልኳቸው።

«ያንቺ ዶሮ ስትጸድቅ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የቁምስናችን ልጆች ሁሉ ይብራን የሚያውቁት በዚያች ዶሮ መልክ ነው። ያደጉት አድገው ሄደዋል፤ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። ከመካከላችን ይብራ ያየ አልነበረማ።

ዘንድሮ የመጀመሪያ ቁርባን የሚቀበሉት ልጆች የመሠዊያው ፊት የሚለብሰውን ጨርቅ እንዲሠሩ ተወሰነ። ግራና ቀኙ ስንዴና ወይን፣ መካከሉ ትልቅ ይብራ ከጫጩቶቿ ጋር ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ላባ ቆርጦ ይለጥፋል፤ በሙጫ የተያዘው እንዳይረግፍ በመጨረሻ እኔ በመኪና እሰፋዋለሁ።

ከልጆቹ መካከል መርፌ የምንላት አለች። ቀጭን ናት፤ ጥያቄዋም ይወጋል። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ ልጅቷን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። መርፌ ከምልክቶቹ ሁሉ እንደ ይብራዋ የወደደችው አልነበረም። ጫጩቶቹን እሷ ካልሠራሁ ብላ ከሌሎቹ ተጣልታለች።

«ስትወጋው ያማታል?» ብላ ጠይቃ ነበር አንድ ቀን።

«ሳያማት ይቀራል?» አሉ ጋሽ ሙጫ።

መርፌ አሰበችና፣ «እማዬም እጇን ያማታል፣ ግን ታጥባለች» አለች። ጋሽ ሙጫ ምድጃውን የሚያስተካክሉ መስለው ዞር አሉ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ መርፌ ሐይቅ ዳር ወዳለች አክስቷ ዘንድ ሄደች። የአክስቷ ባል ጀልባ ነጂ ነው። ከጉዞዋ በተመለሰችበት ቅዳሜ፣ ሌሎቹ ተቀምጠው ላባ ሲቆርጡ እሷ ቆማ ቀረች። ጋሽ ሙጫ ሙጫውን እያማሰሉ ነበር፤ እኔ ጨርቁን እለካለሁ።

«ጋሼ፣ ይብራ አየሁ።»

«እሰይ፣ ታድለሻል። እኔ አይቼ አላውቅም።»

«አያውቁም?»

«አላውቅም።»

ጨርቁ ላይ ወደ ተዘረጋችው ወፍ አመለከተች። «እንደዚህ አይደለም። ምንቃሩ ይህን ያህላል።» ክንዷን ዘረጋች። «ከሥሩ ከረጢት አለው፤ ዓሣውን በዚያ ነው የሚያፍሰው። እግሩም እንደ ዳክዬ ነው። ይሄ ዶሮ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አንዱ፣ «እኔ ፊትም ዶሮ ነው ብዬ ነበር» አለ።

«አንተማ ርግቡንም ዶሮ ነው ብለሃል» አለችው አጠገቡ ያለችው።

መርፌ አልሳቀችም። «የአክስቴን ባል ጠየቅሁት። ደረቱን ይወጋል ወይ አልኩት። ዕድሜውን ሙሉ ሐይቁ ላይ ነው የኖረው፤ አንድም ቀን አላየም። የሚያበላቸው ዓሣ ነው አለኝ። እየሳቀብኝ።»

ጋሽ ሙጫ ማማሰያውን አስቀመጡ።

«ስለዚህ ውሸት ነው?» አለች። ከዚያም ድምፅዋ ቀነሰ። «ይብራው ውሸት ከሆነ ቁርባኑስ?»

ሳቁ ቆመ። ልጆቹ አንድ ነገር እንደ ተሰበረ ሁሉ ጋሽ ሙጫን ያዩ ጀመር። እሳቸው ከመርፌ ፊት ለፊት ባለው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ስለ ወፉ የተናገርሽው እውነት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ለሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ አለኝ፤ ግን አሁን ደንግጫለሁ። ስደነግጥ የምናገረው ነገር ደስ አይለኝም። ለሚመጣው ቅዳሜ አቆዪልኝ።»

«እስከዚያ እኔ አልቆርብም።»

«እሺ።»

መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። የመጀመሪያ ቁርባኑ በሚመጣው ቅዳሜ ማግስት፣ እሑድ ነው።

ሰኞ የመርፌ እናት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጋሽ ሙጫ ሱቅ መጣች። እጇ በሳሙና ብዛት የተላላጠ ነው። እኔም ሥራዬን ትቼ በር ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ልብሷ ተሰፍቶ አልቋል። ጫማዋን እርስዎ ይዘዋል። እሷ ግን አልቆርብም ትላለች። ለምን ስላት፣ ጋሼን ጠይቂ ትለኛለች።»

«ነግራሻለቻ።»

«ነግራኛለች። እባክዎ፣ ሌላ ዓይነት ይብራ አለ ይበሏት። ሩቅ አገር ያለው እንደዚያ ያደርጋል ይበሏት። ልጅ ናት፣ ታምንዎታለች።»

እውነቱን ለመናገር እኔም የመጣልኝ ይኸው ነበር። «ምን አለበት ጋሼ፤ አንድ ቃል ናት» አልኩ።

ጋሽ ሙጫ የያዙትን ሶል አገላበጡት። «ታምነኛለች። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ሐይቅ ማየቷ ይቀራል? ያን ጊዜ እኔ የለሁም፤ ማንን ትጠይቃለች?» ከዚያም ለእናቲቱ ወንበር ጎትተው አቀረቡላት። «ተቀመጪ እስቲ። ቆመሽ ነው የዋልሽው። ልጅሽ አልከፋችም፤ ያሰበችውን ጠየቀች እንጂ።»

ወደ ቆሞሱም ሄደው ነገሩን አጫወቷቸው። የሆነውን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ቆሞሱ ሰምተው ሰምተው ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የሰበክሁት በዶሮ ላይ ነዋ።»

«አባ፣ አይሳቁብኝ።»

«የምስቀው በራሴ ነው። እኔስ መቼ ይብራ አየሁ? ልጅቷን ላነጋግራት?»

«የጠየቀችው እኔን ነው። መጀመሪያ እኔ ልሞክር። ካቃተኝ ወደ እርስዎ እልካታለሁ።»

በዚያ ሳምንት ከግድግዳው ማዶ መዶሻው ይጀምራል፣ ያቆማል። ሲያቆም መቁጠሪያቸውን እንደ ያዙ አውቃለሁ። ነጩን የመርፌን ጫማ ከሥራቸው ሁሉ መጨረሻ አድርገው ያቆዩት ነበርና፣ ዓርብ ዕለት ሊሠሩት ተቀመጡ። ካርቶኑን ከመደርደሪያ አወረዱ። በዚያች ካርቶን ዙሪያ ጣታቸውን ሲያዞሩ በመስኮቱ አየኋቸው፤ ደጋግመው ሲያዞሩ። ከዚያም ለብቻቸው ፈገግ አሉ።

ቅዳሜ መርፌ መጣች። መቀሴን ረስቼ ነው ብላለች ለእናቷ። መቀሱን አንሥታ ግን አልወጣችም፤ በሩ አጠገብ ቆመች።

ጋሽ ሙጫ ሙጫም አላበሰሉ። ልጆቹን ሰብስበው፣ «መርፌ ልክ ናት» አሉ። «እኔ ይብራ አይቼ አላውቅም። ያየሁት የጎረቤቴን ዶሮ ነው። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎችም ከሌላ ሰምተው ነው እንጂ አላዩም። ወፏ ደረቷን አትወጋም። አይቼ የማላውቀውን ያየሁ አስመስዬ በማስተማሬ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከልጆቹ አንዷ ቀስ ብላ፣ «ምንም አይደል» አለች።

ከዚያም ከኪሳቸው ካርቶን አወጡ። «መርፌ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የእኔ እግር ነው። የለኩኝ ጊዜ ያሰመሩት።»

«እግርሽ ነው?»

«አይ… ካርቶን ነው።»

«ይህን ካርቶን ተሳስቼ ቆርጬው ቢሆንስ? ጣትሽ ጋ አጥብቤው፣ ወይም ዶሮ አስመስዬው?» ልጆቹ ሳቁ። «እግርሽ ይጠፋል?»

«አይጠፋም።»

«ምን አደርጋለሁ ታዲያ?»

«ካርቶኑን ይጥሉታል። እንደገና ይለኩኛል።»

«እግርሽን በካርቶኑ ልክ አልቆርጠውም?»

«እንዴ፣ ጋሼ!»

«አየሽ፣ ካርቶኑ ከእግርሽ መጣ እንጂ እግርሽ ከካርቶኑ አልመጣም። ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠሉት ሁሉ ካርቶን ናቸው። በጉም፣ መልሕቁም፣ ይብራውም። ሰዎች ጌታ እንዴት እንደ ወደዳቸው ለመናገር ቸገራቸውና የሚመስለውን ሲፈልጉ ያገኟቸው ናቸው። አንዳንዱን አሳምረው ቆረጡት። አንዳንዱን እንደ እኔ አበላሹት።»

መርፌ ከበሩ ፈቀቅ ብላ ጥቂት ቀረበች። ግንባሯ ተቋጥሯል። ሁላችንም ምን እንደምትል እንጠብቃለን።

«ቁርባኑስ? ካርቶን ነው ወይስ እግር?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየትኛውም ያነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም። ጋሽ ሙጫ አልሳቁም፤ አልቸኮሉም።

«እሱ እግሩ ነው» አሉ። «ራሱ ነው።»

«አይተዋል?»

«በዓይኔ አላየሁም። የማየው እንደምታዪው ኅብስት ነው። የይብራውን ነገር የነገረኝ መጽሐፍ ነበር፤ ይህንን ግን ሥጋዬ ነው ያለው ራሱ ጌታ ነው። ጌታን አምነዋለሁ። ደግሞ ባለቤቴን በቀበርኩ ሰሞን ከዚህ ከመሠዊያው ፊት እየተቀበልኩ ነው ሱቄን ሄጄ የከፈትኩት። ተርቤ ነበር፤ በላሁ፤ ተነሣሁ። በካርቶን የጠገበ ሰው አላውቅም። የማውቀው ይሄን ያህል ነው። የቀረውን ቆሞሱን ጠይቂ፤ ከእኔ የተሻለ ያስረዱሻል።»

መርፌ አግዳሚው ላይ፣ ዳር ላይ፣ ተቀመጠች። አምናለሁም አላለች፤ አላምንምም አላለች።

ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ ተነሣች። «ዶሮዋን ልትጥሏት ነው?» አለች፤ ከንፈሯ ለልቅሶ ተዘጋጅቷል። ላባዋን የለጠፈችው ክንፉ ላይ ነበር።

ጋሽ ሙጫ ይህን አላሰቡበትም። ጨርቁን አዩ፤ እኔን አዩ። እኔም የመጣልኝን ተናገርኩ። «ጌታ እኮ ለከተማይቱ ሲያዝን ራሱን በዶሮ መስሏል። ጫጩቶቿን ከክንፏ በታች እንደምትሰበስብ።»

«የዶሮዋ ባለቤት ስትከራከርላት አያችሁ?» አሉ ጋሽ ሙጫ። ከዚያ ግን ፊታቸው በራ። «ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቼ አልፌዋለሁ። በሉ፣ መቀስ አንሡ። በስሟ እንድትጠራ እናድርጋት።»

ያ ከሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ቀዩን ጠብታ ከደረቷ ፈታነው። ክንፏን ወደ ታች ዘረጋነው፤ ተጨማሪ ላባ ተቆረጠ፤ ጫጩቶቹ አንድ በአንድ ከክንፉ ሥር ገቡ። የመጨረሻዋን ጫጩት ያስገባች መርፌ ናት፤ ጭንቅላቷን ብቻ ወደ ውጭ አስቀርታ። «ይቺ ማየት ትፈልጋለች» አለች።

ሌሎቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ጋሽ ሙጫ አዲስ ካርቶን ሰጧት። «እውነተኛውን ይብራ ያየሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ቁረጪልን፤ የሚመጡት ልጆች እንዳይሳሳቱ።» ምላሷን በጥርሷ ይዛ ቆረጠችው፤ ከረጢቱን፣ የዳክዬ እግሩን፣ ክንድ የሚያህለውን ምንቃር። ሚስማሩ ላይ ሲሰቀል ከካርቶኖቹ ሁሉ አስቀያሚው እሱ ነበር።

«ደረቱን እንደማይወጋ ለልጆቹ ይንገሯቸው» አለች።

«እነግራቸዋለሁ። ሰዎች ለምን እንደዚያ እንዳሰቡም እነግራቸዋለሁ።»

«ለምን አሰቡ?»

«የሚመስለውን እየፈለጉ ነበራ» አሉ።

እሑድ ጨርቁ መሠዊያው ፊት ተሰቅሎ ሳየው፣ ያች ከሞተች ስንት ዘመን የሆናት ዶሮዬ ይህን ክብር ታገኛለች ብዬ አስቤ እንደማላውቅ ትዝ አለኝና ደስ አለኝ። ልጆቹ ነጭ ለብሰው በረድፍ መጡ። ጋሽ ሙጫ እንደ ወትሮው ከምሰሶው አጠገብ ናቸው፤ መቁጠሪያው በእጃቸው ነው፤ ጣታቸው ግን አይንቀሳቀስም። የመርፌ እናት አንገቷን አቀርቅራለች።

መርፌ ከረድፉ መካከል ነበረች። ቆሞሱ ዘንድ ስትደርስ ቀና ብላ ኅብስቱን አየችው፤ ግንባሯ እንደዚያን ቀን ተቋጠረ፤ ቆሞሱም አልቸኮሉም። ከዚያ፣ «አሜን» አለች፤ ከኋላ ወንበር ያለነው ሁሉ እስክንሰማ ድረስ። ተቀበለች። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ትንሽ ታነክስ ነበር።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ ደጅ ላይ ሲተቃቀፍ፣ ወደ ጋሽ ሙጫ መጣች። እሳቸው ምንም አልጠየቋትም። እሷም ስለዚያ ነገር ምንም አልነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ ጫማው ጠበበኝ። አውራ ጣቴ ጋ።»

«ከለካሁሽ ወዲህ አድገሻላ።»

«ካርቶኑን ይጣሉት» አለች፤ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

ጋሽ ሙጫ ከኮት ኪሳቸው እርሳስ አወጡ። ከአዳራሹ ካርቶን እንዳመጣላቸው ጠየቁኝና አመጣሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተንበረከኩ። እሷም ትከሻቸውን ተደግፋ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯን ካርቶኑ ላይ አደረገች። እሳቸውም እርሳሱን ከተረከዟ ጀምረው ቀስ እያሉ አዞሩ።